የገደብ ጊዜዬ እንዳይራዘም፣ አጎቴም እግሩ ሲቆረጥ ብቻውን እንዳይሆን

ለኮልደር ካውንቲ ፍርድ ቤት
ለክብርት ዳኛ ሎሬታ ስታብስ
ጆርጂያ

ቀን፦ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2025

አመልካች፦ ኮርዴል ያውን፣ ዕድሜ 22
አድራሻ፦ የድሮው መጋዝ ቤት መንገድ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ተጎታች ቤት

ጉዳዩ፦ መቀጮና የፍርድ ቤት ወጪ ከፍሎ አልጨረሰም ተብሎ የገደብ ጊዜዬ በአንድ ዓመት እንዲራዘም የቀረበውን ጥያቄ ስለመቃወም

ክብርት ዳኛ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እመኛለሁ። ይህንን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ጠበቃ የለኝም። ትምህርቴን ዘጠነኛ ላይ ስለተውኩት ቋንቋዬ የፍርድ ቤት ካልሆነ ይታገሱኝ። የአጎቴ ልጅ ቨርሊን አንብባው “ስድቦቹን አውጣ” ስላለችኝ አውጥቻለሁ። የቀረው እውነት ነው።

1. ያስታውሱኛል ብዬ አስባለሁ። ባለፈው ዓመት ነዳጅ ማደያው ግቢ ውስጥ የራንዳል ግሪነርን መንጋጋ የሰበርኩት ልጅ ነኝ። ራንዳል ፒካፔ ላይ የታሰረውን ውሻዬን በቢራ ጠርሙስ ግንባሩን ብሎት ነው። ምስክሮቹ “አራት ጊዜ መታው” አሉ። ውሸት ነው፣ ሁለቴ ነው። እኔ ሰው አራት ጊዜ ብመታ ኖሮ ሰውዬው መጥቶ አይከሰኝም ነበር። እርስዎ አንድ ዓመት በገደብ ፈረዱብኝ። እስር ቤት አልገባም፣ በምትኩ መቀጮውንና ወጪውን እከፍላለሁ፣ ያለ ፈቃድ ከካውንቲው አልወጣም፣ መሣሪያ አልይዝም። ፍርዱ ልክ ነበር፣ አንድ ቀን አጉረምርሜ አላውቅም። ራንዳልም አሁን በቀጭን ቱቦ መምጠጡን ትቶ የበቆሎ ዳቦ ያኝካል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን ነካ ያደርግልኛል። ያ ዓመት የሚያልቀው ሴፕቴምበር 12፣ አርብ ነው።

2. ገንዘቡን በተመለከተ። ፍርዱ ሲሰጥ መጋዝ ፋብሪካ ነበርኩ፣ እዚያ ግንድ እንደኔ የሚያነሳ አልነበረም። የገደብ ተቆጣጣሪዬ ሚስተር ፕሩዊት ግን የመንግሥት ሰው አይደለም፣ የኩባንያ ሰው ነው፤ “በሥራ ሰዓት መጥተህ ፈርም” እያለ ሲያመላልሰኝ አለቃዬ አባረረኝ። ያም ሆኖ በየወሩ ከፍያለሁ። ከምሰጠው ላይ ግን ኩባንያው እኔን የተቆጣጠረበትን መጀመሪያ ይቆርጣል፣ መቀጮው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። አንድ ቀን ጠየቅኩት፦

“ሚስተር ፕሩዊት፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?”

“ስትከፍል።”

“እየከፈልኩ ነው እኮ!”

“ለእኔ ነው የከፈልከው። ለፍርድ ቤቱ መቼ ከፈልክ?” አለኝና ሳቀ።

ጥርሱን ላረግፍለት እጄን አሳከከኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ይህ ለመልካም ጠባይ ይያዝልኝ።

3. ከፋብሪካው ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የዱር አሳማ መግደል ነው። መሬት ስላለዎት ያውቁታል፤ መንጋው አንዴ ኦቾሎኒ ውስጥ ከገባ ማሳው ቦምብ የወደቀበት ነው የሚመስለው። የኦቾሎኒ ማሳው ባለቤት ሚስ ኦዴል ፈች የገደልነውን አሳማ ጅራት ቆርጠን በሽቦ ሰክተን ስናመጣላቸው በጅራት ልክ ይከፍሉናል። ይህንን ሥራ ያስተማረኝ አጎቴ ሆይት ያውን ነው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝም እሱ ነው።

ጠመንጃ ስለተከለከልኩ የምናድነው በውሻ ነው። ሴቷ ውሻችን ሳሲ ጮኻ አሳማውን ታቆመዋለች። ዲከን፣ ያው ራንዳል በጠርሙስ የመታው ውሻ፣ ይገባና ጆሮውን ነክሶ ይይዘዋል። ከዚያ ሰው ይገባል። አንዱ ከኋላ መጥቶ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንስቶ ይገለብጠዋል፣ ሌላው ከብብቱ ሥር ልቡን በቢላዋ ይወጋዋል። የእኛ ሕግ አንድ ነው፦ እግር የያዘ ሰው ባለቢላዋው “አለቀ” እስኪል አይለቅም። ቢጎተትም፣ ቢሰበርም አይለቅም።

ድሮ፣ ፋብሪካ እያለሁ በእረፍት ቀኔ ስናድን፣ ባለቢላዋው እኔ ነበርኩ። አንዴ ነው የምወጋው፣ ሁለተኛ አያስፈልገኝም፤ ከዚህ እስከ ባሕሩ ዳር የሚወዳደረኝ ካለ ይምጣ። አጎቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ጉልበቱም ሲነሳ ይንቋቋል። ሥራው ውሾቹን መጠበቅ ብቻ ነበር። ገደቡ ሲመጣ ሚስተር ፕሩዊትን “የአሳማ ቢላዋስ?” ብዬ በአክብሮት ጠየቅኩት። “ወገብህ ላይ ስለት ያለው ነገር ካየሁ በዚያው ቀን ትታሰራለህ” አለኝ። ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ አሰበና፦

“እንግዲያው አንተ እግር ትይዛለህ፣ እኔ እወጋለሁ።”

“አጎቴ፣ አንተ እኮ ጫማህን ለማሰር ወንበር የምትፈልግ ሰው ነህ።”

“ዝም በል! አንተ ዳይፐር ላይ እያለህ እኔ አሳማ እወጋ ነበር።”

ስለዚህ ክብርት ዳኛ፣ ሽማግሌው አሳማ ፊት የቆመው እኔ ትእዛዝዎን ስላከበርኩ ነው። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህቺን አይርሱብኝ።

4. ጁላይ 19፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሚስ ኦዴል ማሳ በታች ረግረጉ ውስጥ ገባን። ሳሲ ያቆመችው አውራ አሳማ ነበር፤ ክብደቱ የእኔን ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ የትከሻው ቆዳ እንደ መኪና ጎማ የደደረ። ዲከን ተወርውሮ ጆሮውን ያዘ። እኔም ከኋላ ገብቼ ሁለቱን እግሮች አነሳሁ።

“ያዝኩት! ግባ አጎቴ!”

“አትጩህብኝ፣ ደንቆሮ አይደለሁም!” አለና ቢላዋውን ይዞ ጎንበስ አለ።

ያላየነው ነገር ጆሮው ነው። ድሮ ሌላ ውሻ በጣጥሶት በግማሽ የቀረ ጆሮ ነበር፣ ጭቃ ሸፍኖታል። ዲከን ሲጎትተው ተገንጥሎ አፉ ውስጥ ቀረ። ውሻው ጆሮውን ነክሶ ወደ ኋላው ተንከባለለ፣ አሳማው ጭንቅላቱ ነጻ ወጣ። ዞሮ አጎቴን ከጉልበቱ በላይ በክራንቻው መታው። ድምፁ ጆንያ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። አጎቴ ወደቀ። አሳማው በወደቀበት ደገመው፣ በዚያው እግር፣ ከፍ አድርጎ። ሥጋው ሲከፈት አይቻለሁ። መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ከዚያ ደሙ መጣ።

እግሮቹን አልለቀቅኩም። አሳማው እያወናጨፈኝ ከጥድ ግንድ ጋር አላተመኝ፣ ትከሻዬ ወለቀ፣ ያም ሆኖ አልለቀቅኩም።

“ልቀቀውና ቢላዋውን አንሳ!” አለ አጎቴ።

“ቢላዋ ተከልክያለሁ!”

እውነቴን ነው፣ እንደዚህ ነው ያልኩት። አእምሮዬ አልነበረም፣ አፌ ነው የተናገረው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስተር ፕሩዊት ያንን ቃል አፌ ውስጥ ተክሎታል።

“አንተ ከብት! እየገደለኝ እኮ ነው!”

ያን ጊዜ ለቀቅኩ። በሕይወቴ ሳያልቅ የለቀቅኩት እሱን ብቻ ነው። ቢላዋውን ከጭቃው ውስጥ አነሳሁና ጀርባው ላይ ወጥቼ ወጋሁት። አንዴ ነው የምወጋው ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ግን ስንት ጊዜ እንደወጋሁት አላውቅም። ከወደቀም በኋላ ወጋሁት፣ ከሞተም በኋላ ወጋሁት። ሳሲ እኔን ፈርታ እያለቀሰች ወደ ኋላ ስትሸሽ ነው ያቆምኩት።

የአጎቴን ጭን በቀበቶዬ አስሬ በደህናው ትከሻዬ ተሸክሜው ወጣሁ። ከባድ ሰው ነው፣ ግን እኔን ያውቁኛል። የእኛ ካውንቲ ሆስፒታል ከተዘጋ ስንት ጊዜ ሆነው። የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ማዶ ወዳለው ካውንቲ ነዳሁ። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሰውዬው ወንበሬ ላይ ደሙ እየፈሰሰ ለማን ልደውል ነበር?

5. አጎቴን በአልጋ ላይ አድርገው እየገፉ ሲያስገቡት የዚያኛው ካውንቲ የሸሪፍ ምክትል በሩ ላይ ቆሟል። ከእግሬ እስከ ራሴ በደም ተለውሻለሁ፣ ቢላዋው ወገቤ ላይ ነው። ስሰካው እንኳ አላስታውስም።

“ስማ ጎረምሳ፣ የማን ደም ነው?”

“የአሳማ።”

“የአሳማ ብቻ?”

“የአጎቴም አለበት።”

ሞኝ መልስ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ወለሉ ላይ በፊቴ ደፋኝ፣ ጉልበቱን ማጅራቴ ላይ አሳረፈ፣ የወለቀውን ትከሻዬን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። የፊት ጥርሴ ወለሉ ላይ ተሰበረ። አጎቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ፦ “ልጁን ተወው! እኔን የወጋኝ ባለ አራት እግር ነው! ይሄኛው ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ቁጠረው!” እያለ ይጮኻል። ነርሶቹ ሳቁ። ምክትሉ ግን አልሳቀም፤ ስሜን ኮምፒውተር ላይ ሲያይ ገደቡ ወጣ። ከካውንቲ መውጣት፣ መሣሪያ መያዝ። አራት ቀን እዚያ አስረው መልሰው ለእናንተ ሰጡኝ፣ እናንተም ወደ ቤቴ ለቀቃችሁኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እጄን አላነሳሁበትም። ማንሳት ስላቃተኝ አይደለም።

6. የአጎቴ ቁስል ተሰፍቶ ነበር። ስኳሩ ግን እንዳይድን ከለከለው፤ ከቁስሉ በታች ደም መድረስ ቆመና ሥጋው ሞተ። አሁን እግሩ ከጣቶቹ ጀምሮ እስከ ባቱ ጥቁር ነው። የሚኖረው ማዶ፣ ልጁ ቨርሊን ቤት ነው። ዶክተሯ ከጉልበት በላይ መቆረጥ አለበት ብላለች፤ እሱ ግን አልፈርምም ብሏል። እኔ ካልመጣሁ አልፈርምም ነው የሚለው።

በየእሁዱ ቨርሊን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ብላክ ጋም ወንዝ ዳር፣ ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ታመጣዋለች። እኔ በዚህኛው ዳር እቆማለሁ። የካውንቲው ወሰን ወንዙ ነው። እየተጯጯህን ነው የምናወራው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ይሰሙናል።

“ኮርዴል! ጥርስህን የት ጣልከው?”

“አንተ እግርህን ልትጥል አይደል! እኔ ጥርሴን ብጥል ምናለበት?”

“ያ አሳማ ካንተ ይሻላል! ቢያንስ መጥቶ ነክቶኛል!”

“ለምንድነው የማታስቆርጠው? ቨርሊን አለች አይደል!”

“ቨርሊን ደም ስታይ ትወድቃለች! የሁለት አልጋ ልከፍል ነው!”

“ኧረ አባባ፣ በሰው ፊት!” አለች ቨርሊን።

ከዚያ አጎቴ ወንበሩን ወደ ውሃው አስጠጋ። ጮክ ብሎ መናገሩንም ቀነስ አደረገ፣ ግን ውሃው ድምፅ ያሻግራል።

“ሎራ ሜ ያንን የሆስፒታል በር ብቻዋን ነው የገባችው። ‘መኪናውን አቁሜ መጣሁ’ ብያት፣ ስመለስ ፊቷ ተሸፍኗል። እኔ እዚያ ብቻዬን አልተኛም፣ ልጄ። አንተ እግር ያዥ ነህ። ትመጣለህ፣ ትይዘኛለህ፣ ከዚያ ያሻቸውን ይቁረጡ።”

ሎራ ሜ ሚስቱ ነበረች። እኔን ጫማ ማሰር ያስተማረችኝ እሷ ነች። ንፋሱ ወደ እኔ ሲዞር የእግሩ ሽታ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። የሞተ አሳማ ሽታ አውቃለሁ፣ በጁላይ ሙቀት ሦስት ቀን የሰነበተ። ያ ነው። ያንን ወንዝ በዋና መሻገር ለእኔ ምንም አይደለም፣ በልጅነቴም ተሻግሬዋለሁ። ጫማዬን አውልቄ ነበር። መልሼ አደረግኩት። ስለ እርስዎ ትእዛዝ ብዬ ነው መልሼ ያደረግኩት፣ ክብርት ዳኛ።

7. ሚስተር ፕሩዊትን ለአንድ ቀን የመውጫ ፈቃድ ጠየቅኩት። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍያ ላልተጓደለበት ሰው ብቻ ነው አለኝ።

“አጎቴ ሊሞት ነው።”

“ታዲያ ቶሎ ክፈላ። ያንን ነካሽ ውሻህን ሽጠው።”

“ውሻውን ከሸጥኩ በምን ሠርቼ ነው የምከፍልህ?”

“እሱ ያንተ ጉዳይ ነው።”

ወጥቼ የራሴን ፒካፕ በር በቡጢ ደበደብኩት። በሩ ጎድጉዷል፣ እጄ አብጧል። የሚስተር ፕሩዊት ጥርስ ግን ሙሉ ነው፤ መጥተው ማየት ይችላሉ። በሳምንቱ ገደቡ በአንድ ዓመት ይራዘም ብሎ ለእርስዎ ጻፈ። አልከፈለም፣ ቢላዋ ይዟል፣ ከካውንቲ ወጥቷል ይላል። ሦስቱም እውነት ነው። ከላይ የጻፍኩትም እውነት ነው። እሱ የጻፈው ውስጥ አጎቴ የለም፣ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

8. ቀጠሮዬ ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ ነው። ገደቤ የሚያልቀው በማግስቱ አርብ ነው። ይህንን ለአጎቴ በወንዙ ላይ ጮኼ ነግሬዋለሁ፣ እሱም ለዶክተሯ ነግሯታል። እሷ ዛሬውኑ ብትቆርጠው በወደደች፤ እምቢ ሲላት ግን ለሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ ጠዋት አልጋ ይዛለታለች። ለቨርሊን ያለቻት ይህንን ነው፦ “ከሰኞ ካለፈ የምታጡት እግሩን አይደለም።” እንግዲህ እርስዎ ሐሙስ ካላራዘሙት ሰኞ እንደማንኛውም ሰው ድልድዩን ተሻግሬ እሄዳለሁ። ካራዘሙት ሽማግሌው አይፈርምም። ግትር ነው፣ እኔም በማን እንደወጣሁ ያውቃሉ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. የገደብ ጊዜዬ በተወሰነለት ቀን እንዲያልቅና እንዳይራዘም፤ የቀረውን ገንዘብ እንደማንኛውም ዕዳ፣ በመሃል ቆራጭ ኩባንያ ሳይገባ፣ ለፍርድ ቤቱ የክፍያ መስኮት በእጄ እየወሰድኩ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ። ሚስ ኦዴል አሳማ እስካለ ድረስ ሥራ አለህ ብለውኛል። አሳማ ደግሞ አያልቅም።

ለ. ይህ አይሆንም ከተባለ፣ የቀረብኝን ዕዳ በእስር ቀናት ይለውጡልኝና አጎቴ ከኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ ልታሰር። እስር አልፈራም። አንድ ዓመት ሙሉ በሚስተር ፕሩዊት ገመድ ከመጎተት ይሻለኛል።

ሐ. በማንኛውም መንገድ ገደቡ ይቀጥላል ከተባለ፣ ሥራ ላይ ሆኜ የአሳማ ቢላዋዬን እንድይዝ ይፈቀድልኝ። ሌላ ሽማግሌ በእኔ ቦታ ገብቶ እንዳይቀደድ ነው። ማታ ማታ ለሸሪፉ አስረክቤ ጠዋት ጠዋት መውሰድ እችላለሁ።

መ. ቢያንስ፣ ቢያንስ፣ ለሰኞ የአንድ ቀን ፈቃድ ይስጡኝ። ካቴና አድርገውም ቢወስዱኝ እሄዳለሁ። በካቴናም እግር መያዝ ይቻላል።

9. የመጨረሻው ጥያቄ አይደለም፣ ማሳወቂያ ነው። ቨርሊን አውጣው ብላኝ ነበር፣ ስድብ ስላልሆነ ትቼዋለሁ። ክብርት ዳኛ፣ እኔ ከኋላ ሰው መትቼ አላውቅም፣ እርስዎንም ከኋላ አላታልልም። ሐሙስ ጠዋት ሸሚዜን አስገብቼ፣ ታጥቤ እፊትዎ እቆማለሁ። እሺ ካሉኝ እድሜ ልኬን አመሰግንዎታለሁ። እምቢ ካሉኝም “እሺ ክብርት ዳኛ” ብዬ እወጣለሁ፣ ድምፄን አላነሳም። ሰኞ ግን እሻገራለሁ። በድልድዩ ላይ፣ በቀን፣ ሁሉ እያየኝ። ቢላዋ አይኖረኝም። ምክትሉን አስቀድመው ይላኩት፤ ሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አጠገብ ይጠብቀኝ። አልሮጥም፣ አልመታውም፣ እጆቼን ራሴ እዘረጋለታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይዘዙልኝ፦ አጎቴ ነቅቶ “አለቀ” እስኪል ድረስ አይንካኝ።

ኮፍያዬን በእጄ ይዤ፣ ከሰላምታ ጋር

ኮርዴል ያውን
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለሚስተር ፕሩዊት፣ እንዲያውቀው